ፕሪንተርን ከቤት ዋይፋይ ጋር ማገናኘት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ፕሪንተር ከቤት ዋይፋይ ጋር አልገናኝ ሲል ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚነካው የራውተሩን ጥበቃ ነው። አንዱ የይለፍ ቃሉን ጨርሶ ያነሳል፣ ሌላው ወደ 12345678 ይለውጠዋል። ፕሪንተሩ ተገናኘ ተብሎ ነገሩ ይረሳል፤ የላላው ጥበቃ ግን ለወራት እንደላላ ይቆያል። በዚያው መስመር የቤተሰቡ ስልክ፣ የባንክ መተግበሪያውና የልጆቹ ኮምፒውተር ይሠራሉ። አንድ ወረቀት ለማተም ሲባል የቤትን ጥበቃ ማላላት ፈጽሞ አያስፈልግም። ወደዚያ የሚገፋፉን በየቤቱ የሚነገሩ ጥቂት የተሳሳቱ ሐሳቦች ናቸው።

«ያልተገናኘው ጥበቃው ስለጠነከረበት ነው»

በአብዛኛው ጥፋቱ የጥበቃው አይደለም። ብዙ የቤት ፕሪንተሮች የሚቀበሉት የ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ብቻ ነው። የዛሬ ራውተሮች ደግሞ 2.4ንም 5ንም ያሰራጫሉ። ሁለቱ ለየብቻ ስም ካላቸው ፕሪንተሩን ከ2.4ቱ ጋር ያገናኙ። በአንድ ስም ከተጠቃለሉና ፕሪንተሩ ካስቸገረ፣ ከራውተሩ ማስተካከያ ገጽ 5ቱን ለጊዜው ያጥፉት፣ ፕሪንተሩን ያገናኙና መልሰው ያብሩት። ከዚያ በኋላ ስልክዎ በ5፣ ፕሪንተሩ በ2.4 ቢሆኑም በአንድ ራውተር ሥር እስካሉ ድረስ ይገናኛሉ።

ሌላው የተለመደ ምክንያት የይለፍ ቃሉ አጻጻፍ ነው። በትንሽ ስክሪን ላይ በቀስት ቁልፍ ፊደል እየፈለጉ ሲጽፉ ትልቁና ትንሹ የላቲን ፊደል፣ ዜሮና «ኦ» በቀላሉ ይምታታሉ። ፕሪንተሩ ደግሞ የተሳሳተው የትኛው ፊደል እንደሆነ አይናገርም።

ጥበቃው በእርግጥ የሚያግድበት አንድ ሁኔታ አለ፤ ራውተሩ ደብሊው ፒ ኤ 3 (WPA3) የሚባለውን ብቻ እንዲቀበል ሲደረግ። ይህ የጥበቃ ዓይነት የመጣው በ2018 እ.ኤ.አ. ስለሆነ ከዚያ በፊት የተሠሩ ብዙ ፕሪንተሮች አያውቁትም። መፍትሔው ደብሊው ፒ ኤ 2 (WPA2) እና 3ን አጣምሮ የሚያሠራውን ምርጫ መውሰድ ነው። ደብሊው ፒ ኤ 2 ከረጅም የይለፍ ቃል ጋር ዛሬም ለቤት ይበቃል። ደብሊው ኢ ፒ (WEP) ወደሚባለው አሮጌ ዓይነት ግን መቼም አይመለሱ፤ ድክመቱ ከ2001 ጀምሮ በይፋ የታወቀ ነው።

«ደብሊው ፒ ኤስ ካለ ሁሉም ነገር ቀላልም አስተማማኝም ነው»

ግማሹ እውነት ነው። ደብሊው ፒ ኤስ (WPS) የይለፍ ቃል ሳይጻፍ መሣሪያን ከራውተር ጋር የሚያገናኝ ዘዴ ነው፤ አሠራሩ ሁለት መልክ አለው። በአዝራር የሚሠራው የሚከፈተው ለ2 ደቂቃ ያህል ብቻ ስለሆነና ራውተሩ አጠገብ መገኘትን ስለሚጠይቅ ለቤት መጥፎ አይደለም። አደጋው ያለው በፒን ቁጥር በሚሠራው ላይ ነው። ፒኑ 8 አሃዝ ስለሆነ ለመገመት 100 ሚሊዮን ሙከራ የሚፈልግ ይመስላል። ነገር ግን የመጨረሻው አሃዝ ከሌሎቹ የሚሰላ ማረጋገጫ ነው፤ ራውተሩም የመጀመሪያዎቹን 4 አሃዞች ለይቶ ልክ መሆናቸውን ያሳውቃል። ስለዚህ ሥራው ወደ 10 ሺህ እና 1 ሺህ ግምት ይከፈላል፤ በድምሩ 11 ሺህ። ለኮምፒውተር ይህ ትንሽ ቁጥር ነው። ይህ ጉድለት በታኅሣሥ 2011 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ይፋ ሆኗል። የፒኑን መንገድ ይዝጉት።

«የዋይፋዩን ስም ብደብቀው ማንም አያገኘኝም»

ስሙ የሚደበቀው ከስልክ ዝርዝር ላይ ብቻ ነው፤ ሞገዱን የሚያዳምጥ ሰው መሣሪያዎችዎ ሲገናኙ ያገኘዋል። ትርፉ ፕሪንተሩን ማስቸገር ነው።

«ፕሪንተር ምን ይሰረቅበታል?»

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ፕሪንተር የራሱ ማህደረ ትውስታና የራሱ ማስተካከያ ገጽ ያለው ኮምፒውተር ነው። በእሱ ላይ የሚያልፈው ደግሞ የፓስፖርት ቅጂ፣ የባንክ መግለጫ፣ የቤት ካርታና የሕክምና ውጤት ነው። በኅዳር 2018 እ.ኤ.አ. አንድ ሰው በዓለም ዙሪያ ወደ 50 ሺህ ፕሪንተሮች ደርሻለሁ ብሎ፣ የአንድ የዩቲዩብ ሰርጥ ተከታይ ሁኑ የሚል ወረቀት በየሰዉ ቤትና ቢሮ አሳተመ። የማንንም የዋይፋይ ይለፍ ቃል መስበር አላስፈለገውም። ፕሪንተሮቹ ትእዛዝ የሚቀበሉበት ፖርት 9100 (የኔትወርክ መግቢያ በር) ለኢንተርኔት ክፍት ሆኖ ነበር።

ስለዚህ በራውተሩ ላይ ለፕሪንተሩ ከውጭ የሚያስገባ ፖርት አይክፈቱ፤ ቤት ውስጥ ለማተም አያስፈልግም። የፕሪንተሩን የአይፒ አድራሻ (በቤቱ ኔትወርክ ውስጥ የተሰጠውን መለያ ቁጥር) በኮምፒውተር ብሮውዘር ላይ ጽፈው ገጹ ሲከፈት የአስተዳዳሪውን የይለፍ ቃል ይለውጡ፣ የፈርምዌር (የፕሪንተሩ የውስጥ ሶፍትዌር) ማሻሻያ ካለ ይጫኑ። ዋይፋይ ዳይሬክት የሚባለውንም ይመልከቱ፤ ፕሪንተሩ በራሱ የሚያሰራጨው ሌላ ዋይፋይ ነው፣ የቤቱ ዋይፋይ ምንም ቢጠበቅ በዚያ በኩል ወደ ፕሪንተሩ መግባት ይቻላል። ካልተጠቀሙበት ያጥፉት። ፕሪንተሩን ሲሸጡ ወይም ለሰው ሲሰጡ ደግሞ ወደ ፋብሪካ ይዞታው ይመልሱት፤ የቤትዎ የይለፍ ቃል ውስጡ ተቀምጧል።

«ለጥንቃቄ በእንግዳ ዋይፋይ ላይ ላድርገው»

ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን የእንግዳ መስመር በብዙ ራውተሮች ላይ መሣሪያዎችን እርስ በርስ እንዳይተያዩ አድርጎ ይለያቸዋል። ፕሪንተሩ «ተገናኝቷል» ይላል፣ ስልክዎ ግን አያገኘውም። እንግዳ ማተም ከፈለገ ሰነዱን ልኮልዎት እርስዎ ያትሙለት።

«ፕሪንተሩ ኦፍላይን (አልተገናኘም) ካለ ሁሉንም ነገር እንደገና መጫን አለብኝ»

መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ራውተሩም ፕሪንተሩም እንደ አዲስ ይነሣሉ፤ ፕሪንተሩ ሌላ የአይፒ አድራሻ ሊደርሰው ይችላል። ኮምፒውተሩ በቀድሞው አድራሻ ይፈልገውና ያጣዋል። ዋይፋዩም ጥበቃውም ደህና ናቸው። ከፕሪንተሩ ዝርዝር ውስጥ የኔትወርክ መግለጫ ገጽ ያትሙ፤ ማክ አድራሻ የሚባለው የ12 ፊደልና ቁጥር ጥምር እዚያ ላይ አለ። በራውተሩ ገጽ ላይ ለዚያ ማክ አድራሻ ቋሚ አይፒ ያስይዙ፣ ከዚያ ኮምፒውተሩ ላይ ፕሪንተሩን አንድ ጊዜ በአዲሱ አድራሻ ይጨምሩት።