«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ»፦ ትርጉሙና አነሳሱ

መብራት ሲጠፋ የማይነሳ ጀነሬተር የገዛ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች በሻማ ዙሪያ ተሰብስበው ምን እንደሚሉ መገመት አይከብድም። ዓመት ሙሉ አብሮ በልቶ ጠጥቶ፣ ችግር ሲመጣ ስልኩን የሚዘጋ ወዳጅም ያው ይባልለታል። ቤተሰብ ታሞ እያለ «አይነካም» ተብሎ ባንክ የሚተኛ ገንዘብም እንዲሁ። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ!» ተረቱ የሚቆጣው በሌለ ነገር ላይ አይደለም፤ ኖሮ በቀኑ ባልዋለ ነገር ላይ ነው። ለዘገየው «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚል ሌላ ተረት አለን። ውሻው ዘግይቶም ቢሆን ጮኸ። ቀሚሱ ግን ጭራሹን ከሣጥን አልወጣም።

አንዳንዱ ሰው ይህን አባባል የልጃገረዶች የማጌጥ ጉጉት ብቻ አድርጎ ይተረጉመዋል። እኔ አልስማማም። ቁጣው ከየት እንደመጣ ለማየት ቀሚሱ እንዴት ይሠራ እንደነበር ማሰብ ይበቃል። እናት ጥጡን ትዳምጣለች፣ ታባዝታለች፣ የቤቱ ሥራ ካለቀ በኋላ ማታ ማታ በእንዝርት ትፈትላለች፤ ፈትሉ ሲበቃ ለሸማኔ ይሰጣል። በብዙ ቤት ለአንዲት ልጅ በዓመት የሚደርሳት አዲስ ቀሚስ ቢበዛ አንድ ነበር። ያ ቀሚስ የሚወጣበት ቀን ደግሞ የታወቀ ነው። በጥር እህሉ ተወቅቶ ጎተራ ገብቷል፣ መንገዱ ደርቋል፣ ወሩም የሠርግ ወር ነው። ከማጀትና ከውኃ መንገድ ርቃ የማታውቅ ልጅ፣ ታቦት ለማጀብ ስትል ማንም ሳይከለክላት አደባባይ ትውላለች። ጎረምሳው ሎሚ ይዞ ይጠብቃል፤ የወደዳት ደረት ላይ ይወረውራል፤ እሷ አንስታ ከያዘችው ነገሩ ተጀመረ ማለት ነው። የወንዱ እናትና አክስቶችም ነጠላቸውን ተከናንበው ሲያስቀድሱ ሲያጅቡ ዓይናቸው ሥራ አይፈታም። እንዲህ ባለ ቀን ሣጥን ውስጥ የቀረ ቀሚስ ለመቼ ሊሆን ነው?

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች ወዲህ ከየአቅጣጫው የገባው ሰው በዓሉን በየራሱ ዜማ አድምቆታል። ጥር 10 በከተራ ታቦታቱ ከየደብራቸው ወጥተው ጃን ሜዳ ድንኳን ውስጥ ያድራሉ። በ11 ውኃው ተባርኮ ይረጫል፤ ሌሎቹ ወደየደብራቸው ሲመለሱ የሚካኤል ታቦት የሚገባው በ12፣ በቃና ዘገሊላ ነው። ካህናቱ በጸናጽልና በመቋሚያ ሲያሸበሽቡ፣ ወዲያ ሜዳው ላይ የጉራጌው እግር መሬቱን ይደበድባል፤ ከጎኑ የኦሮሞው ወጣት ዱላውን ሽቅብ ይዞ ይዘላል፤ ትንሽ ራቅ ብሎ ደግሞ የጎንደሩ እስክስታ ትከሻ ያርገበግባል።

ቀሚሱም የአንድ አገር ሰው እጅ ሥራ አይደለም። ከእንጦጦ ግርጌ ያለው ሽሮ ሜዳ የሸማ ሰፈር ነው፤ ሸማኔዎቹ አብዛኞቹ ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜና ከአካባቢው የመጡ ሰዎችና ልጆቻቸው ናቸው። ሸማኔው ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ተቀምጦ በእግሩ እየረገጠ መወርወሪያውን ከቀኝ ግራ፣ ከግራ ቀኝ ያመላልሳል። ነጩን ሲሠራ እጁ ይፈጥናል፤ ጥለቱ ላይ ሲደርስ ግን ዝግ ይላል፣ ባለቀለሙን ክር እየቆጠረ በጣቱ ያስገባል። ዋጋውን የሚያስወድደው ይህ የጣት ሥራ ነው። ከዚያ ቀሚሱ መርካቶም ይወርዳል። ጣሊያን በወረራው ዘመን የአራዳን ገበያ ከጊዮርጊስ አጠገብ አንስቶ ወደ ምዕራብ ሲያዛውረው የተስፋፋው መርካቶ፣ ዛሬም ሙስሊሙ ነጋዴ ከክርስቲያን ደንበኛው ጋር በጥምቀት ቀሚስ ዋጋ ሲከራከር የሚውልበት ነው።

በዓሉ በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሰፍሯል። ልብሱም ተለውጧል። ታቦት የሚሄድበት አስፋልት ላይ ቀይ ምንጣፍ እየጠቀለሉና እየዘረጉ የሚሮጡት ወጣቶች ብዙዎቹ የሰፈራቸው ስም የታተመበት ካናቴራ ነው የሚለብሱት። (ካናቴራው ከማተሚያ ቤት በሰዓቱ ካልደረሰ ለማተሚያ ቤቱ የሚሆን ተረት ከላይ ተጽፏል።) በዚያው በ2012 በኮሮና ምክንያት አትክልት ተራ ወደ ጃን ሜዳ ተዛውሮ ነበር። ድንችና ሽንኩርት የተቆለለበት፣ በዝናብ ጭቃ የሆነው ሜዳ ለጥር ይደርሳል ወይ የሚለው ክርክር ከተማውን አነጋግሯል። ያኔ ተረቱ ከቀሚስ ወደ ሜዳ ዞረ፦ ጃን ሜዳ ለጥምቀት ካልሆነ ለመቼ ነው? ገበያው ተነሥቶ ሜዳው ጸድቶ ለ2013ቱ በዓል ደረሰ።

ተረቱ እንደ ልብ የማይነገርበት ቦታም አለ። ሐዘን ላይ ያለ ሰው ጥምቀት ቢመጣም ጥቁሩን አያወልቅም፤ እሱ ፊት ስለ ቀሚስና ስለ መበጣጠስ ማውራት ነውር ነው። ዓመቱ ሞልቶ ጎረቤት ሊያባብል ሲሄድ እንኳን ተረቱን እደጅ ትቶ ነው የሚገባው፦ «እትዬ፣ ለታቦቱ ሲሉ ዛሬስ ነጭ ጣል ያድርጉ።»