«ፉል አድርጌ ነው የመለስኩት!»፦ ውጭ አገር መኪና ስንከራይ ስለ ነዳጅ የምንሳሳታቸው ነገሮች

17 ዶላር ከ48 ሳንቲም። ብሩ ያን ያህል ሆኖ አይደለም። ያናደደኝ ፉል አድርጌ መመለሴ ነው።

ማታ ሲልቨር ስፕሪንግ ቀዳሁ። ሌሊት ተነስቼ ዋሽንግተን ደለስ ኤርፖርት ድረስ ነዳሁ። መኪናውን የሚረከበው ልጅ አንገቱን በመስኮት አስገብቶ ጌጁን፣ የነዳጅ መጠን ማሳያውን፣ አየት አደረገና «ሰባት ስምንተኛ» ብሎ መዘገበ። መርፌው ከኤፍ፣ ከሙሉው ምልክት፣ ወረድ ብሏል፣ እውነት ነው። ግን የጣት ጥፍር ታህል ነበር። የታንከሩ አንድ ስምንተኛ 1.75 ጋሎን ነው። አከራዩ በሚያስከፍለው፣ በጋሎን 9 ዶላር ከ99 ሳንቲም ሲባዛ ያው የኔ 17 ዶላር ይመጣል። «እኔ እኮ ትናንት ማታ ነው የቀዳሁት» አልኩት። «ደረሰኝ አለህ?» አለኝ። ደረሰኙ የማደያው ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ዘመድ ከአዲስ አበባ መጥቶ መኪና ሊከራይ ሲል አስቀድሜ ስለ ነዳጅ አወራለሁ። የምሰማው መልስ ግን ሁሌም ተመሳሳይ ነው። እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው።

«ጌጁ ፉል ካለ ፉል ነው»

አይደለም። ታንከሩ ውስጥ ነዳጁ ላይ የሚንሳፈፍ ነገር አለ። መርፌውን የሚያንቀሳቅሰው እሱ ነው። ታንከሩ ጢም ሲል ተንሳፋፊው ላይኛው ጫፍ ደርሶ ይቆማል፤ ነዳጁ ግን ከዚያም በላይ ትንሽ ቦታ አለው። ስለዚህ የተወሰነ እስኪቃጠል ድረስ ተንሳፋፊው ንቅንቅ አይልም። ብዙ መኪኖች 50 እና 60 ኪሎ ሜትር ተነድተውም መርፌው ኤፍ ላይ ቁጭ ይላል። ከዚያ በኋላ ደግሞ ቶሎ ቶሎ መውረድ ይጀምራል። እኔን የጎዳኝ ይኸው ነው፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ኤፍ ያለው መርፌ ደለስ ስደርስ መውረድ ጀምሮ ነበር።

አከራዮቹም ይህን ከኛ በተሻለ ያውቃሉ። ለዚህ ነው አንዳንድ ውሎች መርፌውን የማይቀበሉት። «ከመመለሻው ቦታ 10 ማይል ክልል ውስጥ የቀዳችሁበትን ደረሰኝ አሳዩ» ይላሉ። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ከ75 ማይል በታች የነዳ ደንበኛን ደረሰኝ ካላሳየ በቁርጥ ዋጋ የሚያስከፍሉ አሉ። ይህ ሰውን ግራ ያጋባል። ትንሽ የነዳ ሰው ነው የሚቀጣው! ምክንያቱ ግን ከላይ ያልነው ነው፦ ትንሽ ከተነዳ መርፌው ስለማይወርድ፣ ነዳጁ መተካቱን ከደረሰኝ በቀር የሚመሰክር የለም። አዳዲሶቹ መኪኖች ደግሞ የነዳጁን መጠን በራሳቸው ለድርጅቱ ይልካሉ፤ እዚያ ላይ በዓይን ግምት መከራከር አይቻልም።

ስለዚህ የመጨረሻውን ቅጂ ኤርፖርቱ አካባቢ አድርጉት። መቅጃው ጠቅ ብሎ ሲዘጋ ይበቃል። «ትንሽ ልጨምርበት» ብሎ መጫን መኪናውን ሊጎዳ ይችላል። ደረሰኙን ያዙ፣ ጌጁንና የተነዳውን ርቀት በአንድ ፎቶ አንሱ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

«ነዳጁን አስቀድሞ መክፈል ይረክሳል»

ካውንተሩ ላይ ያለችው ልጅ ፈገግ ብላ የምታቀርበው ነገር ነው። «አሁን ሙሉ ታንከር ብትገዙ ጋሎኑ ከውጭው 20 ሳንቲም ይቀንሳል፣ ስትመልሱ መቅዳት አይጠበቅባችሁም።» ጥሩ ይመስላል አይደል? ሒሳቡን እንሥራው። ታንከሩ 14 ጋሎን ይይዛል እንበል። በ3 ዶላር ከ20 ሲገዛ 44 ዶላር ከ80 ይሆናል። አሁን 200 ማይል ነዳችሁ። መኪናው በጋሎን 30 ማይል ቢሄድ የፈጀው 6.7 ጋሎን ገደማ ነው። ውጭ በ3 ዶላር ከ40 ብትተኩት 23 ዶላር አይሞላም። ቀሪውን ከ7 ጋሎን በላይ ለአከራዩ ትታችሁለት ሄዳችሁ ማለት ነው። ተመላሽ የለውም። ርካሽ የሚሆነው ሪዘርቭ እስኪበራ ነድታችሁ ከመለሳችሁ ብቻ ነው። ኤርፖርት መንገድ ላይ፣ በረራ እያለባችሁ፣ ሪዘርቭ በርቶ መንዳት ደግሞ ልብ ይጠይቃል።

አውሮፓ ውስጥ፣ በተለይ የስፔን የመዝናኛ ደሴቶች አካባቢ፣ ሙሉውን ታንከር አስቀድሞ የሚያስከፍለው «ሙሉ ተረክበህ ባዶ መልስ» የሚባለው አሠራር ለዓመታት ቱሪስት ሲያስለቅስ ኖሯል። ደሴቷ ትንሽ ናት፤ ሳምንቱን ሙሉ ብትዞሯት ታንከሩ አያልቅም። ቅሬታው በዝቶ በ2015 አምስት ግዙፍ አከራዮች ከአውሮፓ ኮሚሽን ጋር ተስማሙ። ከተስማሙባቸው ነገሮች አንዱ ደንበኛው ለተጠቀመበት ነዳጅ ብቻ የሚከፍልበት አማራጭ እንዲኖረው ነው። ስለዚህ ስትይዙ «ሙሉ ተረክበህ ሙሉ መልስ» የሚለውን ፈልጉ። የቀን ኪራዩ በጣም ርካሽ የሆነበት ቦታ ካያችሁ፣ የነዳጅ ውሉን መጀመሪያ አንብቡ። ትርፉ ብዙ ጊዜ እዚያ ነው የተደበቀው።

አንድ ነገር ልጨምር። ሕፃናት ይዛችሁ ሌሊት 9 ሰዓት ኤርፖርት መድረስ ካለባችሁና ጉዞው ረጅም ከነበረ፣ አስቀድሞ መክፈሉ ሞኝነት አይደለም። እንቅልፍም ዋጋ አለው።

«ካጎደልኩ የነዳጁን ዋጋ እከፍላለሁ፣ በቃ»

ቢሆንማ ማን ይጨነቅ ነበር! አከራዩ በማደያ ዋጋ አይሸጥላችሁም። አሜሪካ ማደያው ላይ ጋሎኑ 3 ዶላር ከምናምን ሲሆን ውሉ ላይ 9 እና 10 ዶላር ተጽፎ ማየት የተለመደ ነው። አውሮፓ ደግሞ በነዳጁ ዋጋ ላይ «የመቅጃ አገልግሎት» የሚባል ቁርጥ ክፍያ ይጫናል። አምስት ሊትር ብታጎድሉም ያው ነው። በላዩ ታክሱ አለ። በሌላ በኩል፣ ከተረከባችሁት በላይ ቀድታችሁ ብትመልሱ አመሰግናለሁ የሚልም የለም። ግማሽ ታንከር ከሰጧችሁ ከጊቢው ሳትወጡ ወረቀቱ ላይ «ግማሽ» ተብሎ እንዲጻፍ አድርጉ።

«ቤንዚን ያው ቤንዚን ነው፣ የትም አገር»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ትልቁ ኪሳራ ያለው እዚህ ነው። የተሳሳተ ነዳጅ መቅዳት የሚያስከትለውን ጉዳት መደበኛው የኪራይ ኢንሹራንስ ብዙውን ጊዜ አይሸፍነውም።

ችግሩ ከስሙ ይጀምራል። እኛ ቤንዚንና ናፍጣ የምንለው ከጣሊያኖቹ ጋር ይገጥማል። እነሱም «ቤንዚና» ይላሉ፣ ናፍጣውንም በአፍ «ናፍታ» ይሉታል። ሮም ማደያ ላይ የተጻፈው ግን «ጋዞሊዮ» ነው። ጋዞሊዮ ናፍጣ ነው! አሜሪካ የኖረ ሰው «ጋሶሊን» መስሎት ቤንዚን መኪና ላይ ይገለብጠዋል። ስፔን «ጋሶሊና» ቤንዚን፣ «ጋሶሌዮ» ናፍጣ ነው፤ ልዩነቱ የሁለት ፊደል ነው። ፈረንሳይ «ጋዞል» ካያችሁ ናፍጣ ነው። እስራኤል ያላችሁ ወገኖቻችን ታውቁታላችሁ፣ እዚያ ናፍጣው «ሶላር» ነው። ከአዲስ አበባ የሄደ ሰው ግን ሶላር ሲባል የሚታየው ጣሪያ ላይ ያለው የፀሐይ ፓኔል ነው። አሜሪካ ደግሞ ቤንዚኑ «ጋዝ» ይባላል። የአክስቴ ልጅ መጀመሪያ ስትሰማ «ነጭ ጋዝ ለመኪና?» ብላ ደንግጣ ነበር።

ቀለምም አያድንም። እንግሊዝ አረንጓዴው መቅጃ ቤንዚን፣ ጥቁሩ ናፍጣ ነው። አሜሪካ ብዙ ቦታ አረንጓዴው ናፍጣ ነው። አውሮፓ ከጥቅምት 2018 ጀምሮ አንድ ወጥ ምልክት አውጥቷል፦ ክብ ውስጥ ኢ5 ወይም ኢ10 ከተጻፈ ቤንዚን፣ አራት ማዕዘን ውስጥ ቢ7 ከተጻፈ ናፍጣ። የነዳጁን ክዳን ስትከፍቱም ያው ምልክት አዳዲስ መኪኖች ላይ አለ። ሁለቱን አዛምዱ። ከተሳሳታችሁ ደግሞ ሞተሩን አታስነሱት፤ ቁልፉንም አትንኩ። ወዲያው ለአከራዩ ደውሉ። ካልተነሳ ታንከሩን አራግፎ ማጠብ ይበቃል፤ ከተነሳ ሒሳቡ ሌላ ነው።

እግረ መንገዴን፦ የነዳጁ ክዳን በየትኛው ጎን እንደሆነ ለማወቅ ወርዶ መዞር አያስፈልግም። ጌጁ ላይ ካለው የማደያ ሥዕል አጠገብ ትንሽ ቀስት አለች፣ ጎኑን ታሳያለች። ሐሳቡን በ1986 ያቀረበው ጂም ሞይላን የሚባል የፎርድ ኢንጂነር ነው።

«ማደያ ኤርፖርቱ በር ላይ አይጠፋም»

አይጠፋም፤ ዋጋው ነው ጉዱ። ፍሎሪዳ፣ ኦርላንዶ ኤርፖርት አጠገብ ያሉ ማደያዎች በውድነታቸው ለዓመታት ስማቸው ጠፍቶ ነበር። ዋጋቸውን ከመንገድ በሚታይ ሰሌዳ እንዲለጥፉ ከተማው ሕግ እስከማውጣት ደርሷል። መኪናውን በተረከባችሁ ቀን ስትወጡ ዙሪያውን ቃኙ። አምስት ማይል ወጣ ብሎ ያለው ይሻላል።

ከአገር ቤት ካርድ ይዞ ለሚመጣ ሌላ ፈተና አለ። አሜሪካ ማደያው ማሽን ካርዱ የተመዘገበበትን አድራሻ የፖስታ ቁጥር (ዚፕ ኮድ) ይጠይቃል። የኛ ካርድ የለውም። ማሽኑ እንቢ ሲል ካርዱ የተበላሸ መስሏችሁ አትደንግጡ። ውስጥ ገብታችሁ ለካሸሩ «ፓምፕ 4፣ 30 ዶላር» በሉ፣ ካልጨረሳችሁት ይመልሳል። ማሽኑ ካርዱን ቢቀበልም መጀመሪያ እስከ 175 ዶላር ሊይዝባችሁ ይችላል፤ በኋላ ይለቀቃል። ኒው ጀርሲ ከሆናችሁ ግን ከመኪና አትውረዱ፤ በሕጉ የሚቀዳው ሠራተኛ ነው፣ እንደ አገር ቤት። ጣሊያን ደግሞ «ሰርቪቶ» የሚል ፓምፕ ላይ ሠራተኛ ይቀዳላችኋል፣ ሊትሩም ይወደዳል።

«ኤሌክትሪክ ከሆነ ይህ ሁሉ አይመለከተኝም»

ኢትዮጵያ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከከለከለች ወዲህ ኤሌክትሪክ መኪና የለመደ ሰው በዝቷል። ውጭ ሲሄድም እሱኑ ይመርጣል። ጥሩ ነው። ግን አከራዩ ቻርጁንም ይቆጥራል። አንዱ በተረከብክበት መጠን መልስ ይላል፣ ሌላው 70 ወይም 80 በመቶ ይላል። ከዚያ ከወረደ ክፍያ አለ። ቤንዚን በአምስት ደቂቃ ይቀዳል፤ ኤርፖርት አካባቢ ያለ ፈጣን ቻርጀር ላይ ግን ወረፋ ይኖራል። ከ80 በመቶ በኋላ ደግሞ ፍጥነቱ ይቀንሳል። አንድ ሰዓት ትርፍ ያዙ።

«ቁልፉን ካስረከብኩ አለቀ»

ብዙዎቹ ክፍያዎች የሚመጡት ከዚያ በኋላ ነው። በተለይ ቢሮው ተዘግቶ ቁልፉን ሳጥን ውስጥ ስትጥሉ። መኪናው የሚመረመረው ጠዋት ነው፣ እናንተ ያን ጊዜ አየር ላይ ናችሁ። ካርዳችሁ ቁጥሩ እነሱ ዘንድ ስላለ ከቀናት በኋላ ይቆረጥበታል።

የአክስቴ ልጅ ባለፈው ስትመለስ ይኸው ደረሰባት። አዲስ አበባ በገባች በአምስተኛው ቀን 31 ዶላር ተቆረጠ። «ነዳጅ» ይላል። እኔ እንደነገርኳት ከመመለሷ በፊት ደረሰኙን ጌጁ አጠገብ ይዛ ፎቶ አንስታ ነበር። ሰዓቱ፣ የማደያው አድራሻ፣ የተነዳው ማይል፣ ሁሉም በአንድ ፎቶ ላይ ይታያል። ሁለት መስመር ጽፋ በኢሜይል ላከችው። ካልሰሙ ለባንኳ ልታመለክት ተዘጋጅታ ነበር፤ አላስፈለገም። በሦስተኛው ቀን መለሱላት። ፎቶውን ለኔም ልካልኛለች። የጌጁን ግማሽ አውራ ጣቷ ሸፍኖታል። ደግነቱ ኤፍ ያለበት በኩል አይደለም።