ስለ ወፍ ምልከታ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው፦ ከሐይቅ እስከ ጨፋ

ከደሴ ወደ ወልድያ 30 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ሐይቅ የተባለውን ውኃ ያገኛል፤ ወደ ደቡብ የወረደ ደግሞ ከሚሴ አካባቢ የቦርከና ወንዝ ከሚያረሰርሰው ከጨፋ ረግረግ ይደርሳል። ሁለቱም ወፍ ለሚመለከት ሰው ሙሉ ቀን የሚበቁ ሥፍራዎች ቢሆኑም፣ ገና ከመነሳታችን የምንሰማቸው አንዳንድ አባባሎች መታረም አለባቸው።

«ረግረግ ጠፍ መሬት ነው።» በበጋ ዙሪያው ሲደርቅ የአፋርና የኦሮሞ አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን የሚነዱት ወደ ጨፋ ሣር ነው። ከከብቶቹ እግር ሥር የማይለዩት ነጫጭ ሳቢሳዎች መዥገር ለቃሚ ቢመስሉም፣ በዋናነት የሚያድኑት ከብቱ ሲራመድ ከሣሩ የሚፈናጠረውን ፌንጣ ነው።

«ውኃ ላይ የሚዋኝ ሁሉ ዳክዬ ነው።» ይህ ስሕተት እኔንም ለረጅም ጊዜ አታልሎኛል። ገላው ጥቁር፣ መንቁሩና ግንባሩ ነጭ የሆነው፣ በመራቢያው ወቅት ግንባሩ ላይ ሁለት ቀይ እባጮች የሚያወጣው ወፍ ከዳክዬ ወገን አይደለም፤ የዳክዬ ጣቶች በቆዳ የተያያዙ ሲሆኑ የእርሱ ጣቶች ግን ለየብቻቸው ቅጠል መሰል ጠርዝ አላቸው። ጠልቆ ዓሣ የሚይዘው ባለ ረጅም አንገት ጥቁር ወፍም ሌላ ነው፤ ላባው ውኃ ስለሚመጥ ከወጣ በኋላ ክንፉን ዘርግቶ ፀሐይ ላይ ይቆማል፤ ይህን ያየ ሰው ብዙውን ጊዜ የተጎዳ ይመስለዋል።

«በክረምት የሚጠፉት ዳክዬዎች አልቀው ነው።» አብዛኞቹ እንግዶች ናቸው። መንቁሩ እንደ ማንኪያ የሰፋውን ዳክዬ የመሳሰሉት ብርዱን ሸሽተው ከአውሮፓና ከእስያ ከመስከረም ጀምሮ ይመጣሉ፤ በመጋቢት ገደማም ለመራባት ይመለሳሉ። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ውጭ የማይገኘው ጋጋኖ የተባለው ወፍ ግን ዓመቱን ሙሉ እዚሁ ነው፤ ጩኸቱን ለሰማ ሰው መኖሩን ማስረዳት አያስፈልግም።

«ያለ ውድ መሣሪያ አይቻልም።» 8 በ42 የሆነ (ስምንት እጥፍ የሚያጎላ፣ የፊት ሌንሱ 42 ሚሊ ሜትር የሆነ) የሩቅ ማያ መነጽር ይበቃል፤ ከመሣሪያው ይልቅ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ውኃው ዳር መገኘት ይበልጣል።

«ድንጋይ ወርውሮ ማስነሳት ጥሩ እይታ ይሰጣል።» እረኛ ልጆች ብቻ ሳይሆኑ ካሜራ የያዙ አዋቂዎችም ያደርጉታል። ከጎጆዋ የተነሳች ወፍ እንቁላሏን ለፀሐይና ለቁራ ትታ ትሄዳለች፤ ለረጅም ጉዞ ስብ የሚያከማቸው እንግዳ ወፍም የመመገቢያ ጊዜውን በከንቱ ያጣል። ወፉ መብላቱን አቁሞ አንገቱን ቀና ካደረገ ተመልካቹ ከልክ በላይ ቀርቧል ማለት ነውና፣ ተረጋግቶ መልሶ መብላት እስኪጀምር ድረስ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ማፈግፈግ ይገባዋል።