ቡችላ ማላመድ ምንድን ነው? ከውሻ ጋር ማጫወት ማለት አይደለም

«ክትባቱን ሳይጨርስ ከቤት እንዳታወጣው፤ ማላመዱ በኋላ ይደርሳል።» ይህን ምክር ሰሞኑን አንድ ሰው ለጓደኛው ሲሰጥ ሰማሁ፤ ስንተኛ ጊዜ እንደሆነ መቁጠር አቁሜያለሁ። በቅንነት የሚሰጥ ምክር ነው። እኔ አዲስ አበባ የምሠራ የእንስሳት ሐኪም ነኝ፤ ይህን ምክር የተከተሉ ሰዎች ከጥቂት ወራት በኋላ የሚመጡት ወደ እኛ ነው።

ባለፈው ወር አንድ ወጣት የአምስት ወር ውሻ ይዞ መጣ። የክትባት ካርዱ እንከን የለውም፣ አንድ ቀጠሮ አልዘለለም። ውሻው ግን ከመኪናው አልወርድ አለ። ተሸክሞ ሲያወርደው ሆዱን ከኮብልስቶኑ ጋር አጣብቆ ተኛና ሽንቱን ለቀቀው። በዚህ መሃል አንዲት ሴትዮ ፀሐይ ለመከለል ዣንጥላዋን ጧ አድርጋ ከፈተች። ውሻው ዞሮ ያሳደገውን ልጅ እጅ ነከሰ። ልጁ እጁን በሶፍት ጠቅልሎ «ዶክተር፣ እኔ በሌለሁበት ሰው ይመታዋል ማለት ነው?» አለኝ። ማንም አልመታውም። ከሰርቪስ ቤቱና ከጓሮው በቀር ምንም ሳያይ ነው ያደገው። ዣንጥላ ሲከፈት አይቶ አያውቅም።

ማላመድ ስል እንግዲህ ምን ማለቴ ነው? ቡችላ ከ3ኛው ሳምንቱ ጀምሮ እስከ 12ኛው፣ ቢበዛ እስከ 14ኛው ሳምንት ድረስ አዲስ ነገርን በቀላሉ ይቀበላል። በዚያ ጊዜ ያየውን፣ የሰማውን፣ የሸተተውን ሁሉ፣ ካላስደነገጠው በስተቀር፣ የተለመደ ነገር አድርጎ ይይዘዋል። ከዚያ ወዲያ አዲስ ነገር ሲገጥመው የሚቀድመው ፍርሃት ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 አሜሪካ፣ ሜይን ግዛት ካለው የጃክሰን ላቦራቶሪ የወጣ አንድ ጥናት አለ። ቡችሎቹ በታጠረ መስክ ከእናታቸው ጋር፣ ሰው ሳይነካቸው አደጉ። ከዚያ በተለያየ ዕድሜ እየተወሰዱ ለአንድ ሳምንት ከሰው ጋር ቆዩ። እስከ 14ኛው ሳምንት ድረስ ሰው ያልቀረባቸው ግን በኋላ ብዙ ቢደከምባቸውም እንደ ዱር እንስሳ ከሰው መሸሻቸውን አልተዉም።

የመጨረሻው ዙር ክትባት የሚሰጠው ደግሞ 16 ሳምንት ሲሞላው ወይም ከዚያ በኋላ ነው። በሩ በ14 ይዘጋል፤ ምክሩ ከ16 በኋላ አውጣው ይላል።

«ታዲያ ፓርቮ ይግደለው?» ይለኛል ያን ምክር የሚሰጥ ሰው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ፓርቮ፣ ቡችላን በትውከትና በደም ተቅማጥ የሚገድለው ቫይረስ፣ ቀልድ አይደለም፤ ማታ ሲጫወት የነበረ ቡችላ በሁለት በሦስት ቀን ውስጥ ሲሞት በዓይኔ አይቻለሁ። ክትባቱ የሚደጋገመውም በምክንያት ነው። ቡችላው በመጀመሪያው ወተት ከእናቱ የወሰደው መከላከያ ደሙ ውስጥ እስካለ ድረስ ክትባቱንም ያከሽፈዋል። ያ የእናት መከላከያ በአንዱ ቡችላ በ8ኛው ሳምንት ያልቃል፣ በወንድሙ እስከ 14 ወይም 16 ሊቆይ ይችላል። ከውጭ አይተን ማወቅ ስለማንችል ከ6 እስከ 8 ሳምንቱ ጀምረን፣ በየሁለት እስከ አራት ሳምንቱ እየደገምን እስከ 16 እንዘልቃለን። በመሃል የእናቱ መከላከያ የደከመበት፣ ክትባቱም ገና ያልያዘበት ክፍተት አለ። ስለዚህ አደጋው እውነት ነው፣ አልክድም።

የሚያናድደኝ ግን አደጋው ከየት እንደሚመጣ ሳይታወቅ መፈረዱ ነው። ፓርቮ የሚወጣው በታመመ ውሻ ሰገራ ነው። አፈር ላይ ወራት ይቆያል፣ በጫማ ይሄዳል፣ በመዳፍ ይመጣል፤ ቡችላው ሲያሸትና ሲልስ ይገባለታል። ዲስቴምፐር የሚባለው ሌላው ገዳይ የውሻ ቫይረስ ውጭ ብዙ አይቆይም፤ የሚተላለፈው በአብዛኛው ከታመመ ውሻ ትንፋሽና ንፍጥ ነው። በማየት ብቻ የሚይዝ ፓርቮ የለም። የባጃጅ ድምፅ ሰምቶ ዲስቴምፐር የያዘው ቡችላ የለም። ቡችላው መራቅ ያለበት ከመሬቱና ከማያውቃቸው ውሾች ነው። እናንተ ግን መሬቱን ብላችሁ ሰውን፣ መኪናውን፣ ሕፃኑን፣ ዝናቡን ሁሉ ትከለክሉታላችሁ።

ቃሉ ራሱ ሰውን ያሳስታል መሰለኝ። «ሶሻላይዝ አድርገው» ሲባል ሁሉም የሚታየው ቡችላው ከሰፈር ውሾች ጋር ሲራገጥ ነው። ከዚያ ሰው ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ፈርቶ ይዘጋበታል። ሌላው «ከሰፈር ውሻ ጋር ልቀቀው፣ ይጠነክራል» ይላል፤ ይህኛው ከመጀመሪያውም የባሰ ነው፣ ብዙ ቡችላ ያስቀብራል።

አንቀልባን አስቡ። ልጅ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንቱ ይከተባል፣ የኩፍኙ ደግሞ 9 ወር ይጠብቃል። እስከ 9 ወር ልጁን ደጅ እንዳታሳዩት ያለ የጤና ባለሙያ አለ? እናት አዝላው ገበያ ትወጣለች። ልጁ ጀርባዋ ላይ ሆኖ በርበሬ ሲሰፈር ያያል፣ አህያ ሲያናፋ ይሰማል፣ የተጣሉ ደላሎች ሲጯጯሁ ይሰማል። እሷ ግን ሽንኩርት ተራው ጭቃ ላይ አታወርደውም። ያለፈ ያገደመው ሁሉ አፉን ሲስመው ዝም ብላ አታይም። ሲደነግጥ ፊቱን ጀርባዋ ላይ ይደፋል፣ እሷም እሹሩሩ እያለች ከግርግሩ ፈቀቅ ትላለች። እንዲለምድ ብላ እየጮኸ ወደ ግርግሩ መሃል አትወስደውም። እንቅልፍ ሲወስደው ገበያው በቃ ማለት ነው፤ ወደ ቤት። ቡችላ ማላመድ ይኸው ነው፣ አንድም አልጨመርኩበትም። ልዩነቱ ልጅ ዓመታት አሉት፤ ቡችላ በ8 ሳምንቱ ቤታችሁ ከገባ የቀረው ቢበዛ ስድስት ሳምንት ነው።

(በ8 ሳምንቱ ማለቴን አስተውሉልኝ። መንገድ ዳር በካርቶን የሚሸጡት ብዙ ጊዜ የአራትና የአምስት ሳምንት ናቸው። ንክሻቸውን መመጠን የሚማሩት ከእናታቸውና ከወንድም እኅቶቻቸው ጋር ሲጫወቱ ነው፤ ቀድሞ የተነጠለ ቡችላ ይህ ይጎድለዋል።)

አንዲት ደንበኛዬ እንዴት እንዳደረገችው ልንገራችሁ። የዘጠኝ ሳምንት ቡችላዋን ከታች ፎጣ በተነጠፈበት ዘምቢል ውስጥ ታስቀምጥና መገናኛ አካባቢ፣ ከታክሲ ተራው ራቅ ብላ ትቆማለች። ኪሷ ውስጥ በትናንሹ የተከተፈ የተቀቀለ ሥጋ አለ። ረዳቱ «ቦሌ! ቦሌ!» ብሎ ሲጮህ አንዲት ቁራጭ። የሚኒባሱ በር ሲዘጋ አንዲት ቁራጭ። መጀመሪያ ቀን ጆሮውን ወደ ኋላ አድርጎ ዘምቢሉ ውስጥ ገባ፤ እሷም ሃያ እርምጃ ያህል ራቀች። በአራተኛው ቀን ረዳቱ ሲጮህ ቡችላው ወደ ረዳቱ ሳይሆን ወደ ኪሷ ነበር የሚያየው። አሥር ደቂቃ ነው የምትቆየው፣ ከዚያ በላይ አይደለም። ቡችላው መሬት ረግጦ አያውቅም።

ቤት ውስጥም ብዙ ሥራ አለ፣ ሰው ይንቀዋል እንጂ። ቡና ሲወቀጥ ራቅ ብሎ ይስማ። ዣንጥላ ቀስ ብላችሁ ክፈቱ፣ ዝጉ። ነጠላ ያጣፉ እናት፣ ከዘራ የያዙ አባት፣ ኮፍያ ያደረገ ዘበኛ፣ የሚሯሯጥ ሕፃን፣ እነዚህ ለውሻ ሁሉም የተለያዩ ፍጥረታት ናቸው። እንግዳ ሲመጣ ጫማውን በር ላይ ያውልቅ፣ እጁን ይታጠብ፣ ከዚያ ቡችላው ራሱ ይቅረበው እንጂ እንግዳው አንሥቶ አይጭመቀው። ቡሄ ሲቃረብ ደግሞ ጅራፉና ሆያ ሆዬው አለ፤ የጅራፍ ድምፅ በስልክ ቀድታችሁ በጣም ዝቅ አድርጋችሁ እየበላ አሰሙት፣ ከቀን ቀን ትንሽ ትንሽ ጨምሩ።

ከውሻ ጋርስ? አዎ፣ ግን ከታወቀ ውሻ ጋር። ጤነኛ፣ ክትባቱ የተሟላ፣ ቡችላ የሚታገሥ የዘመድ ውሻ፣ ሌላ ውሻ በማይገባበት ግቢ። ባለፈው አንድ ዓመት ፓርቮ የገባበትን ግቢ ግን እርሱት። የአሜሪካ የእንስሳት ሐኪሞች የባሕርይ ጥናት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው አቋም፣ ቡችላ ከ7 እስከ 8 ሳምንቱ ጀምሮ ከሌሎች ቡችሎች ጋር መሠልጠን ይችላል ይላል። የመጀመሪያውን ክትባትና የትል መድኃኒት ወስዶ ቢያንስ 7 ቀን ሊሞላው ይገባል። እዚያው ላይ ከሦስት ዓመት በታች ላሉ ውሾች ቀዳሚው የሞት ምክንያት የባሕርይ ችግር እንጂ ተላላፊ በሽታ እንዳልሆነ ተጽፏል። ይህ የአሜሪካ ነው። የኛ መንገድ ባለቤት በሌለው ውሻ የተሞላ ስለሆነ እኔ በመሬቱ ላይ ከእነሱ የበለጠ እጠነቀቃለሁ። ማሳየቱን ግን በአንድ ቀን አላዘገይም።

ሌላው ተቃውሞ «ሰው የለመደ ውሻ ግቢ አይጠብቅም» የሚለው ነው። ወንድሜ፣ ግቢ የመጠበቅ ጠባይ ውሻው ሲጎለምስ የሚመጣ ነው፤ ቡችላ ሳለ ሰው ስላየ አይጠፋም። የፈራ ውሻ ሌባና የልጅህን ጓደኛ አይለይም፤ የሚያመልጥበት ካጣ የቀረበውን ይነክሳል። የተለመደው ምን እንደሆነ የሚያውቅ ውሻ ነው ያልተለመደውን የሚለየው።

መውጣቱ ራሱ መድኃኒት እንዳይመስላችሁም እፈራለሁ። ቡችላው ደጋግሞ ካዛጋ፣ ከንፈሩን ከላሰ፣ ጅራቱን ከሸጎጠ፣ የሚወደውን ሥጋ እምቢ ካለ፣ በዝቶበታል። በዚያ ላይ «ይልመደው» ብሎ መቆየት ፍርሃት ማስተማር ነው።

ከርዕሱ ብወጣም ዝም ማለት የማልችላቸው ነገሮች አሉ። ብዙ ሰው «ተከትቧል» ሲለኝ የእብድ ውሻ ክትባቱን ብቻ ማለቱ ነው። እሱ ለፓርቮ አይሠራም፣ የፓርቮውም ለእብድ ውሻ አይሠራም። የእብድ ውሻውን በሦስት ወሩ አስከትቡት። ከዚያ በፊት የማይታወቅ ውሻ ከነከሰው በዚያው ቀን ለሐኪም ንገሩ። ሰው ከተነከሰ ደግሞ ቁስሉን 15 ደቂቃ በውሃና በሳሙና አጥቦ ወዲያው ጤና ተቋም ይሂድ፤ ያን ወጣትም እንዲሁ ነው ያደረግሁት። የውሻ ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካልተቀመጠ ዋጋ የለውም፤ ክሊኒኩን መብራት ሲጠፋ ፍሪጁን ምን እንደሚያደርጉት መጠየቅ መብታችሁ ነው። ለበዓል ሲታረድ ጥሬ ጉበትና ሳንባ ለውሻ አትስጡ፤ በዚያ የሚገባው ትል በውሻው በኩል ዞሮ ሰው ላይ ይመጣል። ሲሚንቶ ወለል ላይ ደግሞ ሰገራው ተጠርጎ ከታጠበ በኋላ አንድ እጅ በረኪና በሠላሳ እጅ ውሃ ፓርቮን ይገድላል። አፈር ላይ ግን ብዙም አይረዳም።

ያ ወጣት አሁን በየማታው ከበሩ ወደ ውስጥ ራቅ ብሎ ከውሻው ጋር ይቀመጣል፣ እኅቱ ዣንጥላውን በከፊል ትከፍታለች፣ እሱ ሥጋ ይሰጣል። ሁለት ሳምንት ፈጅቶባቸው ዣንጥላው ግማሽ ላይ ደርሷል። በዘጠኝ ሳምንቱ ቢሆን የአንድ ከሰዓት ሥራ ነበር።

እናንተ ግን ቡችላችሁን አዝላችሁ ስትወጡ ዓይናችሁ አይለየው። በሚቀጥሉት ቀናት ምግብ ካልነካ፣ ካስመለሰ፣ ወይም ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ካያችሁ «ነገ እናየዋለን» አትበሉ። በዚያው ሰዓት ደውሉ። ስትመጡም መሬት ሳታስነኩት በእቅፍ ይዛችሁት ግቡ፤ በር ላይ የሚጠብቁ ሌሎች ቡችሎች አሉ።