ኮንግረስ ስለ ጠመንጃ «ወሰነ» ሲባል ሕግ ወጣ ማለት ነው?

በየዓመቱ ጁን ሲገባ አሜሪካ ውስጥ «የጠመንጃ ጥቃት ግንዛቤ ቀን ይሰየም» የሚል የውሳኔ ሐሳብ ለኮንግረስ ይቀርባል። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ አዲስ ሕግ የወጣ ይመስለዋል። አይደለም።

ረቂቅ ሕግ ሁለቱም የኮንግረስ ምክር ቤቶች (የተወካዮች ምክር ቤትና ሴኔት) አጽድቀውት ፕሬዚዳንቱ ሲፈርሙበት ሕግ ይሆናል፤ ለምሳሌ ባይደን በጁን 2022 የፈረሙት የጠመንጃ ሕግ በዚህ መንገድ ነው ያለፈው። ተራ የውሳኔ ሐሳብ ግን የአንዱ ምክር ቤት አቋም ብቻ ነው። ፕሬዚዳንቱ ጋ አይሄድም፣ ማንንም አያስገድድም፣ ጠመንጃ መሸጫ ላይ የሚቀይረው አንድም ነገር የለም። እንዲያውም የተወካዮች ምክር ቤት ከ1995 ጀምሮ የመታሰቢያ ቀን የሚሰይሙ ረቂቆችን በደንቡ ከልክሏል፤ ለዚህ ነው አባላቱ «እንሰይማለን» በማለት ፈንታ «ስያሜውን እንደግፋለን» እያሉ የሚጽፉት።

ታዲያ ምን ይጠቅማል? ቀኑ የመጣው ከሀዲያ ፔንድልተን ነው። በጃንዋሪ 2013 ቺካጎ ውስጥ በጥይት ስትገደል ገና 15 ዓመቷ ነበር። ጓደኞቿ እሷን ለማስታወስ ብርቱካናማ ልብስ ለበሱ፤ አዳኞች በስህተት እንዳይመቱ ጫካ ውስጥ የሚለብሱት ቀለም ነው። በእኔ እምነት የልጆቹ ሐሳብ ምክር ቤት ድረስ መድረሱና የሟቾች ስም እዚያ መነሳቱ ትልቅ ነገር ነው፣ ግን ሕጉን አይተካም። በሚቀጥለው ጊዜ ዜናውን ስታነቡ ጽሑፉ «ረቂቅ ሕግ» ነው ወይስ «የውሳኔ ሐሳብ» የሚለውን መጀመሪያ እዩ።