ሐዋሳ ላይ የሃሎቴን ቬፖራይዘር «1 ፐርሰንት» ስንት ነው?

ሃሎቴን በትንፋሽ የሚሰጥ የማደንዘዣ ፈሳሽ ነው፤ ቬፖራይዘር ደግሞ እሱን አትንኖ ታካሚው ከሚስበው አየር ጋር የሚቀላቅል መሣሪያ ነው። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት 620 ሚሊሜትር ሜርኩሪ አካባቢ ነው፤ በባሕር ወለል ግን 760። እዚህ ቬፖራይዘሩ 1 ላይ ተደርጎ በጋዝ መለኪያ ሲታይ 1.2 ገደማ ያነባል። ተበላሽቷል ብሎ ማዞሪያውን ዝቅ ማድረግ ስሕተት ነው። ሃሎቴን የሚተነው በሙቀት ልክ እንጂ በከፍታ ልክ አይደለም፤ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ የትነት ግፊቱ የትም ቦታ 243 ነው። ታካሚውን የሚያስተኛውም ፐርሰንቱ ሳይሆን የሃሎቴኑ የራሱ ግፊት ነው። የ760 አንድ ከመቶ 7.6፣ የ620 አንድ ነጥብ ሁለት ከመቶ 7.4፤ ያው ነው። ቁጥሩን አትንኩት።

የሚያሳስበው ኦክስጅኑ ነው። የክፍሉን አየር እየሳበ በሚሠራ መሣሪያ የኦክስጅኑ ግፊት፣ ማለትም የአየሩ ግፊት 21 ከመቶ፣ በባሕር ወለል 160 ሲሆን እዚህ 130 ብቻ ነው። ስለዚህ ከቬፖራይዘሩ በፊት በቲ ቅርጽ መገጣጠሚያ ቢያንስ በደቂቃ 1 ሊትር ኦክስጅን ይጨመር። ከመገጣጠሚያው ኋላ፣ የክፍሉ አየር በሚገባበት በኩል፣ አንድ ሜትር ያህል ሰፊ ቱቦ ይቀጠል፤ ታካሚው ሲያስወጣ የሚፈሰው ኦክስጅን እዚያ ይጠራቀማል፣ ያለዚያ ወደ ክፍሉ ይባክናል። የቱቦው ጫፍ ግን ምንጊዜም ክፍት ይሁን፤ ከተደፈነ ታካሚው የሚስበው አየር ያጣል።