የአንባቢ ምላሽ በጨለማ ፋንታሲ ፋን ፊክሽን

ፋን ፊክሽን አድናቂዎች በሌላ ደራሲ የተፈጠሩ ገጸ ባሕርያትንና ዓለማትን ተውሰው፣ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ክፍያ፣ የሚጽፉት ልብ ወለድ ነው። ጨለማ ፋንታሲ የሚባለው ዘርፉ አስማትን ከአስፈሪነት፣ ከክህደትና ደግና ክፉው ካልለየለት ዓለም ጋር ያጣምራል። ታሪኩ ብዙ ጊዜ ምዕራፍ በምዕራፍ ስለሚወጣ፣ አንባቢው ስላነበበው ምዕራፍ ሐሳቡን ሲገልጽ ደራሲው የሚቀጥለውን ገና እየጻፈ ይሆናል፤ ስለዚህም ምላሹ በድርሰቱ አካሄድ ውስጥ ይገባል።

ልማዱ ኢንተርኔትን ይቀድማል። ስታር ትሬክ የተባለው የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ አድናቂዎች እ.ኤ.አ. በ1967 «ስፖካናሊያ» የተባለውን መጽሔት ሲያወጡ፣ በሳይንሳዊ ልብ ወለድ አፍቃሪዎች ዘንድ ስለ አንድ ዕትም ለአዘጋጁ ደብዳቤ መጻፍ የቆየ ወግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 ፋንፊክሽን ዶት ኔት፣ በ2009 ደግሞ አርካይቭ ኦቭ አወር ኦውን የተባሉት የፋን ፊክሽን ድረ ገጾች ሲከፈቱ፣ በፖስታ ይመላለስ የነበረው አስተያየት በደቂቃዎች ውስጥ የሚደርስ ሆነ።

የዚህ ዘርፍ አንባቢ ገጸ ባሕርዩን አስቀድሞ የሚያውቅና የሚወድ ሰው ነው። ርኅሩኅነቱን የሚያውቅለት አስማተኛ ከተማ ሲያቃጥል ቢያነብ፣ ከጭካኔው መጠን ይልቅ ሰውየው እዚያ የደረሰበትን መንገድ ይመረምራል፤ ሐዘኑ፣ ፍርሃቱ ወይም ትዕቢቱ ቀደም ሲል በዋናው ሥራ ውስጥ ተዘርቶ ከነበረ ጨለማውን ይቀበላል፤ ካልነበረ ግን «ይህ እሱ አይደለም» ይላል። ለደራሲው ከዚህ የከፋ ወቀሳ ያለ አይመስለኝም፤ የደም ብዛት የሚያስደነግጠው ለአንድ ገጽ ሲሆን፣ ከጠባዩ የወጣ ገጸ ባሕርይ ግን የታሪኩን እምነት ከሥሩ ይነቅላል።

ምላሹ በማስጠንቀቂያም ይወሰናል። በአርካይቭ ኦቭ አወር ኦውን ደራሲው ዘግናኝ ዓመፅ፣ የዋና ገጸ ባሕርይ ሞትና የመሳሰሉት መኖራቸውን አስቀድሞ ያሳውቃል፤ ወይም ማስጠንቀቂያ ላለመጠቀም መምረጡን ይገልጻል። «የሞተች ርግብ፣ አትብላ» የሚለው መለያ መነሻው የቴሌቪዥን ኮሜዲ ቢሆንም፣ እዚህ ግን ይዘቱ በትክክል እንደ ተጻፈው መሆኑን ያመለክታል። ማስጠንቀቂያውን አይቶ የገባ አንባቢ በጨለማው መኖር ቅሬታ ቢያነሳ ሰሚ አያገኝም፤ ጨለማው በደንብ አልተጻፈም ቢል ግን ይደመጣል።

ለደራሲው የሚጠቅመው ምላሽ ቦታ የሚጠቁም ነው። «ወደድኩት» የሚለው ቃል ያበረታታል፤ «ወንድሙን ሲክድ እጁ መንቀጥቀጡን ባትጽፈው ኖሮ አላምነውም ነበር» የሚለው ግን የትኛው ዓረፍተ ነገር እንደ ሠራ ያሳያል። የታሪኩን ስሕተት ከመውጣቱ በፊት የሚያርመው ቤታ አንባቢ የተባለው ረዳት ነው፤ ስለዚህ ብዙዎች፣ ደራሲው ካልጠየቀ በቀር፣ ከወጣ በኋላ ጥብቅ ሒስ መሰንዘርን እንደ ነውር ያዩታል። ሳይጠናቀቁ ለዓመታት የቆሙ ታሪኮችም ምላሽ አይቋረጥባቸውም፤ አዲስ አንባቢ የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ሲደርስ፣ ደራሲው ያላሳየውን ፍጻሜ በራሱ ገምቶ ይጽፍለታል።